ከመሃል መግባት

ባለቤቴ ቢተው ጋዜጣ ሲያነብ ይስቃል። ድምፅ አያወጣም፤ የሚስቀው ትከሻው ነው። አመሻሽ ላይ ከመሥሪያ ቤቱ ይመለሳል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ጋዜጣውን ይዘረጋል። ጥቂት ቆይቶ ትከሻው መርገፍገፍ ይጀምራል። እኔ በርበሬ እየቀነጠስኩ «ምን ያስቅሃል?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል። ከተጋባን ጀምሮ መልሱ ይኸው ነው።

ልጅ አልሰጠንም። ይህን ማንሳት አልወድም፤ ካላነሳሁት ግን የነገሬ ሥር አይገባችሁም። በቤታችን ሌላ የሚስቅ ሰው የለም። ያለችን ያቺ የትከሻ ሳቅ ብቻ ነች፤ እሷንም ከወረቀት ጋር ነው የሚጨርሳት። ጣውንት ቢያመጣብኝ ፀጉሯን ነጭቼ እሸኛት ነበር። ጋዜጣን ግን ምን ያደርጉታል? አንድ ቀን ተናድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ።

«አንብብልኝና እኔም ልሳቅ» ብዬ የለመንኩት ጊዜም ነበር። ቀና ብሎ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ዘርፌ» አለና ገጹን ገለጠ። ንቆኛል አልኩ። ያልተማረች ሴት ምን ይገባታል ማለቱ ነው አልኩ። ነገሩ እንደ እሾህ ተሰክቶብኝ ቀረ።

እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እናቴ «የዚችን ልጅ እግር ጉንዳን ወሮታል» ትል ነበር። የምንኖረው ቦሌ ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ፣ ከትልልቆቹ ቪላዎች ጀርባ በተደረደሩት የቀበሌ ቤቶች። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቼ ለቪላዎቹ እሸጣለሁ። ስሸጥ እሄዳለሁ፣ ስገዛ እሄዳለሁ፣ የምሄድበት ባጣ እንኳ ግቢውን እዞራለሁ። መሠረተ ትምህርት ታውጆ ጎረቤቱ ሁሉ «በስተርጅና ሀሁ» እያለ ሲያጉረመርም፣ እኔ ሠርግ እንደተጠራ ሰው ነጠላዬን አጣፍቼ ከሁሉ ቀድሜ አዳራሹ በር ላይ ተገኘሁ። ሌላው የመጣው የቀበሌ ሱቅ ስኳር እንዳይቀርበት ነው። እኔ የመጣሁት ያቺን ሳቅ ፍለጋ ነው።

አስተማሪያችን ትበርህ የምትባል ቀጭን ልጅ ነበረች። እሷ ትላለች፣ እኛ እንከተላለን። ሀ ሁ ሂ ሃ። ቦሌ ስለሆነ አውሮፕላን አይጠፋም፤ አንዱ በተነሳ ቁጥር የአዳራሹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥና የሰው ድምፅ መሰማቱ ይቀራል። ትበርህ እጇን አንስታ ታስቆመናለች። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ካቆምንበት አንቀጥልም፤ ያቆምንበትን የሚያስታውስ የለማ። ከመጀመሪያው እንደገና እንነሳለን። እንዲህ እያልን ፊደሉን ከነዜማው ጠጣነው።

የመማሪያ መጽሐፉንም እንዲሁ። በተለይ ስለ ጉድጓድ የሚለው ትምህርት በሁላችንም አፍ ገብቶ ነበር። «ጓዶች ጉድጓድ ቆፈሩ። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ከጉድጓዱ ውሃ ወጣ። ውሃውን አፍልተን እንጠጣ።» ገጹን መቼ እንደምገልጥ አውቃለሁ፤ ጣቴን የት እንደማሳርፍ አውቃለሁ። ማንበብ ማለት ይኸው ነው ብዬ አምኜ ነበር። ከጎኔ የምትቀመጠው ጎረቤቴ ሐሚዳም እንደኔው አምናለች። ሐሚዳ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ አብዱልገኒ የጭነት መኪና ይነዳል። የጉድጓዱን ትምህርት እሷ ስትለው መንዙማ ይመስል ነበር።

የፈተናው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ካሳዬ ራሱ መጣ። ካሳዬን ቁምጣ ለብሶ ከደጃፌ ቆሎ ሲዘግን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ አሁን ሱሪውም ረዝሟል፣ ንግግሩም ረዝሟል። አንድ በአንድ ተነስተን ጉድጓዱን እንድናነብ አዘዘ። አነበብን። አንድም የወደቀ የለም። ምስክር ወረቀታችን በጭብጨባ ተሰጠን፣ ቀበሌያችን ከመሃይምነት ነጻ ወጣ ተባለ፣ ቀይ ጨርቅ በሩ ላይ ተሰቀለ፣ ክፍሉም ተዘጋ።

ቢተው እንዲህ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። ጠጅ አስመጣ፤ ጎረቤት ጠራ፤ ሐሚዳና አብዱልገኒም መጡ። አብዱልገኒ ለስላሳውን እየጠጣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አሁን በቤትህ ሁለት ምሁር አለ» እያለ ይቀልድበታል። ቢተው ተነሳ። ጋዜጣውን ከኮቱ ኪስ አወጣና እጄ ላይ አኖረው። «በይ፣ ዘርፌ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ አንብቢልን» አለ። ያን ሁሉ ዘመን የለመንኩትን በሰው ፊት ሰጠኝ።

ጋዜጣውን አየሁት። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፤ ያም ይህም የማውቀው ነው። ግን ተራቸውን ለቀው ተበታትነዋል። አንዱን ይዤ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከሰልፉ ራስ መነሳት አለብኝ፤ መ ሙ ሚ እያልኩ እሱ ጋ እስክደርስ ሌላው ይጠፋኛል። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። የቢተው ፊት ያበራል። ያን ፊት ማጥፋት አልቻልኩም። አፌ በራሱ ተከፈተ።

«ጓዶች ጉድጓድ ቆፈሩ» አልኩ።

ሐሚዳ ወዲያው ተቀበለችኝ። «ጉድጓዱ ጥልቅ ነው።» ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተነሳ፤ የተማረው ሁሉ እዚያ ነበርና። ውሃው እስኪወጣ፣ ፈልቶ እስኪጠጣ ድረስ አብረን ወረድነው። ሲያልቅ ተጨበጨበ። ጋዜጣው ላይ ጉድጓድ እንደሌለ ከእኔ በቀር የሚያውቁት ሁለቱ ወንዶች ነበሩ። አብዱልገኒ አንገቱን ደፍቶ ብርጭቆውን አየ። ቢተው ጋዜጣውን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደና አጠፈው። «ጎሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዜጣ ወደ ቤት አላመጣም። እዚያው መሥሪያ ቤቱ አንብቦ ይመጣል መሰለኝ። ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፣ በመስኮቱ ያያል፣ ራቱን ይበላል። እንዳያሳፍረኝ ብሎ ነው፤ ገብቶኛል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ነኝ። ምን ያስቀዋል እያልኩ ስንገበገብ የነበርኩት ሰውዬ ጭራሹን መሳቅ ተወ። ቤቱ ጠበበኝ። በርበሬ ስወቅጥ ሙቀጫው ይበሳጭብኛል፣ ስቀመጥ መሬቱ ይወጋኛል። ምስክር ወረቀቱ ከግድግዳው ላይ ሆኖ ያየኛል። ምን እንደሚል እንኳ አላውቅም።

አልቻልኩም። ነቅዬው ቀበሌ ሄድኩ።

ጓድ ካሳዬ ከጠረጴዛው ጀርባ ነበር። «ጓዲት ዘርፌ፣ ምን እንርዳዎት?» አለኝ።

«ይህን መልሱልኝ» አልኩት። ምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «ማንበብ አልችልም። እንደገና ልማር።»

«እርስዎ? ሲያነቡ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።»

«የሰሙት የጉድጓዱን ነው። እሱን ጨለማ ውስጥም እልልዎታለሁ።»

ካሳዬ ተነስቶ በሩን ገርበብ አደረገ። «ይስሙኝ፣ ጓዲት ዘርፌ። በዚህ ቀበሌ መሃይም የለም። ለበላያችን ለከፍተኛው ሪፖርት ተደርጓል። በሩ ላይ የተሰቀለውን አላዩም?»

«አይቻለሁ። ምን ይላል?»

በሩን እንደገና አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እርስዎ መሃይም ነኝ ካሉ ሌላውም ይላል። ያኔ እኔ ምን ልሆን ነው?» አለኝ። ወረቀቱን በሁለት እጁ አንስቶ መለሰልኝ። «ግድግዳዎ ላይ መልሰው ይስቀሉት። ያምራል።»

እንግዲህ ፍረዱ። ሌላው ሰው ተምሬአለሁ ብሎ ይሟገታል። እኔ አልተማርኩም ብዬ ተሟግቼ ተረታሁ። ወደ ቤት አልሄድኩም፤ እግሬ ወደመራኝ ስዞር ውዬ ጫማዬ ተበጠሰ።

መላውን የነገረችኝ ወተት የምታመጣልን የገርጂ ገበሬ ሚስት ሃረገወይን ነች። ጫማዬን ስሰፋ አግኝታኝ፣ ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ሳቀችብኝ፤ ስታበቃ «እኛ ጋ ነይ። እኛ ገና መሃይም ነን» አለችኝ። ገርጂ ያን ጊዜ እርሻ ነበር፤ ጤፍና ሽምብራ፣ ከዚያም ጭቃ። የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ትምህርት ይሰጣል፤ ጭቃውን ችሎ የሚመጣ ወጣት አስተማሪ ስላልተገኘ ድሮ የቄስ ትምህርት ቤት የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው የሚያስተምሩት። ማኅበሩ «ጓድ መምህር» በሏቸው ቢልም ሰው ሁሉ የኔታ ገብረሃንስ ነው የሚላቸው።

«ስምሽ ማነው?» አሉኝ የኔታ።

«ወለተማርያም» አልኩ። የክርስትና ስሜ ነው፤ አልዋሸሁም። ዘርፌን ቀበሌው ይወቃት። ወለተማርያምን እግዜር ያውቃታል፣ ሪፖርትም አልተደረገባትም።

የኔታ ሰሌዳው አጠገብ አስቀመጡኝና በስንደዶ እየጠቆሙ ሀሁ አስባሉኝ። ሳልሰናከል እስከ መጨረሻው ወረድኩት። ገበሬዎቹ በአድናቆት አዩኝ። የኔታ ግን ገሚሱን ሰሌዳ በጋቢያቸው ሸፈኑና አንድ ፊደል ብቻዋን አስቀሩ። «ይህችስ?»

አየኋት። ከንፈሬ ከሰልፉ ራስ መንቀሳቀስ ጀመረ። በ ቡ ቢ...

«ተይ» አሉኝ። «አንቺ ከመሃል መግባት አታውቂም። ለመሆኑ ጎረቤትሽን የምታውቂያት ደጃፏ ላይ ቆማ ስታያት ብቻ ነው? ሾላ ገበያ ብታገኛት አታውቂያትም?»

«ሾላ ቀርቶ ሌላ አገርም ባገኛት አውቃታለሁ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው እነዚህንም ገበያ እናውጣቸው።» ሰሌዳውን ደመሰሱና አዲስ ጻፉ። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። የቄስ ተማሪ ሁሉ ሀሁን ሲጨርስ በዚህ ነው የሚፈተነው፤ ተራው የተበጠበጠ ስለሆነ ዜማ አያድንም። ፊደሏን ካላወቅሃት አታውቃትም፣ አለቀ።

ለካስ እስከዚያ ድረስ የተማርኩት ዘፈን ነበር። አሁን መማር ጀመርኩ፤ መማርም እንዲህ የሚያናድድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ከፊደሎቹ ጋር ተጣላሁ። ቀንዷን ያዞረች መስላኝ የያዝኳት ሌላ ትሆናለች። እግሬ መሬቱን ይደበድባል፤ የኔታ «እግርሽን አሳርፊና ዓይንሽን አስሩጪ» ይሉኛል። ደብተሬን ጥዬ ወጥቼ ወንዙ ጋ ደርሼ የተመለስኩበት ቀን አለ። ሲዘንብ የሄድኩበት፣ ጭቃው ጫማዬን ያስቀረበት ቀን አለ። ለምን ትሄጃለሽ ቢሉኝ፣ ስኳር የለበት፣ ጭብጨባ የለበት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ከአንጀቴ ነበርኩ። ያ «ጎሽ» ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ቢተው ጠረጠረ። ከሱ በኋላ ቤት እገባለሁ፣ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። «የት ነበርሽ?» ይለኛል።

«የትም» እለዋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ቃል ስመልስለት ደስ ይለኝ ነበር። የራሱን መድኃኒት አቀመስኩት። እሱም እንደኔ መስኮትና በር መካከል መመላለስ ጀመረ። ሁለት የማያርፉ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ስንተላለፍ ትከሻችን ይጋጭ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከገርጂ ስመለስ የአብዱልገኒ የጭነት መኪና በራቸው ላይ ቆማለች። ግንባሯ ላይ በቢጫ ቀለም የተጻፈ ነገር አለ። ለዓመታት አልፌዋለሁ። ሐሚዳ «ቢስሚላህ ነው የሚለው» ብላኝ ነበር። ያን ቀን ዓይኔ ሳላዘው ተይዞ ቀረ። ይ። ህ። ም። ከየትም ራስ አልተነሳሁም፤ እዚያው ባለችበት አወቅኋት። ይህም። ቀጣዩን ጨረስኩት። ይህም ያልፋል። መሃል መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የቪላዎቹ ዘበኛ «ምን ሆኑ እትዬ?» እስኪለኝ ድረስ። ለማን ልንገር? ለሐሚዳ ልነግራት ሮጥኩና በሯ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ለካስ እሷ የባሏ መኪና ምን እንደሚል አታውቅም። ምስክር ወረቀቷ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

የገርጂ የመጀመሪያ ዙር ፈተና ቀን እንግዳ ይመጣል ተባለ። ከከፍተኛው የመጣ ወፍራም ሰው ከፊት ገባ። ከኋላው ጓድ ካሳዬ። ለካስ ልምድ እንዲያካፍል ተጋብዞ ነው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። የኔታ በየተራ ይጠራሉ። «ወለተማርያም» ሲሉ ተነሳሁ፤ ነጠላዬም ከትከሻዬ ወረደ። የካሳዬ ዓይን ዓይኔ ላይ ተተከለ። ፊቱ ደም አጣ።

የከፍተኛው ሰው መጽሐፉን ተወና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ስለ ከብት ክትባት የሚናገር ማስታወቂያ አሳየኝ። «እስቲ ይህን።» አይቼው የማላውቀው ነው። ጀመርኩ። ቀስ አልኩ፣ ተሰናከልኩ፣ ተመልሼ ያዝኩት። ላም። በሬ። ጥጃ። ክትባት የምትለዋ ላብ አስወጣችኝ። ጨረስኩ።

«ጎበዝ እናት» አለ ሰውዬው። «ከየትኛው መንደር ነዎት?»

አፌን ከፈትኩ። ምን እንደምል አላውቅም ነበር። ካሳዬ ቀደመኝ። «ከዚሁ ናቸው፣ ጓድ። ከዚሁ ከገርጂ» አለ።

ሲያበቃ ውጭ ጭቃው ላይ ደረሰብኝ። ጓዲት የለ፣ ሪፖርት የለ። «እትዬ ዘርፌ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ» አለኝ። ያ ቆሎ የሚዘግነው ልጅ ተመልሶ መጣ።

«እኔ ዘርፌን አላውቃትም። ወለተማርያም ነኝ» አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።

ቤት ስደርስ ቢተው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዛሬስ ትነግሪኛለሽ ወይስ የትም ነው?» አለኝ። አተኩሬ አየሁት፤ ከስቷል። «ነገ ጋዜጣህን ይዘህልኝ ና» አልኩት። ዞሮ ገባ።

በማግስቱ ግን ይዞ መጣ። ኮቱ ውስጥ ደብቆ፣ ሐኪም ቤት ውጤት እንደሚያመጣ ሰው እየፈራ። ወንበሩን ሳብኩና ከጎኑ ተቀመጥኩ። «ዘርፌ፣ ግድ የለም እኮ» አለኝ። «ዝርጋው» አልኩት። ዘረጋው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ጣቴን አስቀድሜ ገባሁ። ከራስጌው አይደለም፤ ዓይኔ ካረፈበት፣ ከመሃል። የሰፈራችንን ስም አገኘሁ። የካሳዬን ስም አገኘሁ። ወደ ላይ ተመልሼ እየቀጠልኩ እንዲህ አነበብኩ።

«በቀበሌው አንድም መሃይም እንደሌለ ሊቀመንበሩ ገለጹ። እናቶችም ማታ ማታ ለባለቤቶቻቸው ጋዜጣ እያነበቡ መሆናቸውን አስረድተዋል።»

አንዴ ደግሜ አየሁት። ከዚያ ከሆዴ የሆነ ነገር ተነሳ። ጭቃው፣ ክትባቱ፣ «ከዚሁ ከገርጂ ናቸው» ያለው ሁሉ አብሮ መጣ። ሳቅሁ። እኔ የትከሻ ሳቅ አላውቅም፤ ጎረቤት በሚሰማው ድምፅ ነው የምስቀው። ቢተው ክው ብሎ እኔን ያያል፤ ማንበቤን ማመን አቅቶታል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወዲያው ደግሞ ብድግ ብሎ አፌን በመዳፉ ከደነና በሌላ እጁ መስኮቱን ዘጋ።

ያኔ ገባኝ። እጁን ከአፌ ላይ አነሳሁት። «ለዚህ ነበር ምንም የምትለኝ?»

«በዚህ ላይ የሚስቅ ሰው የት እንደሚገባ ታውቂያለሽ» አለ በሹክሹክታ። «የማታውቂውን ማንም አይጠይቅሽም ብዬ ነው።»

«ከአብዮቱ በፊትስ? ያኔም ምንም ነበር የምትለኝ።»

«ያኔም ጆሮ ጠቢ ነበር» አለ መጀመሪያ። ቀጥሎ ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «ደግሞ... ብቻዬን ማወቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምን ልበልሽ።»

ተናደድኩ። ተናድጄም እጁን አልለቀቅሁትም። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረን እሱ አንድ ክፍል ለብቻው ነበረው፤ አሁን በሩን ራሱ ከፈተልኝ። «በል አሁን ሌላውን ገጽ» አልኩት። እሱ እያነበበ፣ እኔ እያረምኩት — ልክ ቢሆንም አርመዋለሁ — ሁለታችንም ጋቢ አፋችን ላይ ጠቅጥቀን ስንስቅ በሩ ተንኳኳ።

ሐሚዳ ናት። ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣች። ሁለታችንን አየች፤ ጋዜጣውን ቢተው ከበስተኋላው ሸጎጠው። «ወላሂ ከውጭ ስሰማችሁ ነበር» አለች ፈገግ ብላ። «ምን ያስቃችኋል?»

«ምንም» አልኳት።

ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። ሐሚዳ ፈገግታዋን አላጠፋችም። ግን ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ሰው ከጨዋታው ውጭ ሲቀር ፊቱ እንዳያስነቃበት የሚለብሰው ነው። እኔ ለብሼው ኖሬያለሁ። ወንፊቱን ሰጠኋት። አመስግና ወጣች። ወንበሬ ላይ ተመልሼ መቀመጥ አልቻልኩም።

ተከትያት ሮጥኩ። መኪናዋ በራቸው ላይ ቆማለች። «ሐሚዳ» አልኳት፤ «ይህ ግንባሯ ላይ ያለው ምን ይላል?»

«ምን ሆንሽ ዛሬ? ቢስሚላህ ነዋ።»

«አይደለም።»

ቆመች። ጽሑፉን አየችው። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ከሰልፉ ራስ ልትነሳ መሆኑ ታየኝ። ከዚያ ተወችው። «አብዱልገኒ እኮ ነው ቢስሚላህ ነው ያለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ታዲያ ምን ይላል?»

ሁለት ቃል ነው። ምላሴ ላይ ነበር። ብነግራት ታመሰግነኝና ወንፊቷን ይዛ ትገባ ነበር።

«አልነግርሽም» አልኳት።

«ዘርፌ፣ ተይ። ንገሪኝ።»

«አልነግርሽም። ነገ ከምሳ በኋላ አሮጌ ጫማ አድርገሽ ጠብቂኝ፣ መንገዱ ጭቃ አለው።»

ፊቷ ተለዋወጠ። የምትሰድበኝ መሰለኝ፤ ብትሰድበኝም እውነት ነበራት። ወንፊቱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ መኪናዋ ዞረች። እኔ ቤቴ ስገባ እዚያው ነበረች። ቢተው መስኮቱን ትንሽ ከፍቶ «ምን ታደርጋለች?» አለኝ።

አሁንም ቆማ የመኪናዋን ግንባር ታያለች። እግሯ መሬቱን ይደበድባል።